ፊደል የሚሰብር ኮንሶል

ከሠራዊት ተመልሰው ሶፍትዌር የሚማሩ የነታንያ ልጆቻችን የራሳቸውን ትንሽ ከርነል ሠርተው ሲያሳዩ ጭብጨባው ሁልጊዜ ለቀለሙ ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ ሲል ወላጁም፣ አስተማሪውም፣ የሚቀጥረውም ሰው ጎበዝ ይላል። ይህ ጭብጨባ ልጆቹን ይጎዳል። በቪጂኤ የጽሑፍ ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ቦታ 2 ባይት አለው፤ አንዱ ምልክቱን፣ ሌላው ቀለሙን ይይዛል። 80 በ25 ስክሪኑ በሙሉ 4,000 ባይት ነው፤ እሱን መሙላት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ስለ አዲስ መስመር፣ ጽሑፉን ወደ ላይ ስለ መግፋት፣ ሲሪያል ፖርቱ እስኪለቅ ስለ መጠበቅ አልጽፍም፤ ይህን ያላወቀ ገና አልጀመረም።

ጽሑፉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው የኮንሶል ኮድ ሲቀርብልኝ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ፊደል ይሰብራል ወይስ አይሰብርም?

«ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ግን 9 ባይት ይወስዳል። የዕብራይስጡ «ሻሎም» በራሱ ፊደል ሲጻፍ አራት ፊደል፣ 8 ባይት ነው። ሰ ብቻውን 225፣ 136፣ 176 ሆኖ ይጓዛል፤ ኮንሶሉ ሦስቱን አሰባስቦ አንድ ፊደል ማድረግ አለበት። ጽሑፉ ግን ወደ ኮንሶሉ የሚደርሰው በባይት ተቆጥሮ እንጂ በፊደል ተቆጥሮ አይደለም። ክፍተት የሌለው የአማርኛ ጽሑፍ በ64 ባይት ባፈር ቢላክ 21 ፊደል ሙሉ ይገባል፤ የ22ኛው የመጀመሪያ ባይት ብቻውን ጫፍ ላይ ይቀራል፤ ሁለቱ ወንድሞቹ በሚቀጥለው ጥሪ ይመጣሉ። መናኛ ኮድ ጥሪው ሲያልቅ የያዘውን ይጥላል። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት አልማዝ ይወጣል፤ ሁሉም «ፎንቱ ነው» ይላል። ፎንቱ አይደለም!

ስለዚህ ኮዱን ስከፍት በቅድሚያ የምፈልገው «ስንት ባይት ይቀረኛል» የሚለው ቁጥር የት እንደሚቀመጥ ነው። በፈንክሽኑ ውስጥ ተወልዶ እዚያው የሚሞት ከሆነ ማንበቤን አቆማለሁ። ለሁሉም ኮንሶል አንድ የጋራ ቁጥር ከሆነም ያው ነው፤ ሁለት ኮንሶሎች በተራ ሲጽፉ የአንዱ ግማሽ ፊደል በሌላው ላይ ይለጠፋል። ቦታው ከእያንዳንዱ ኮንሶል መዝገብ ጋር፣ ከጠቋሚው አድራሻ ጎን ነው። ሊኑክስ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ሁለተኛው መፈተኛ የተበላሸ ጽሑፍ ሲመጣ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ዩቲኤፍ-8ን ሲነድፉ ተከታይ ባይት ሁሉ ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ እንዲሆን አደረጉ፤ ፊደሉን የሚጀምረው መሪ ባይት ከተከታይ ጋር ፈጽሞ አይምታታም። አንድ ባይት በመንገድ ቢጠፋ የሚጠፋው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ተከታይ ሲጠብቅ መሪ የመጣበት ኮድ ለጎደለው አንድ ምልክት አውጥቶ መሪውን እንደገና ከመጀመሪያው ማየት አለበት። መሪውንም አብሮ የሚውጥ ኮድ ጤነኛውን ፊደል ገደለ። እንዲህ ያለውን «ትንሽ ስህተት» ብሎ የሚያልፍ ሰው ኮድ እንዲመዝን አልፈቅድለትም።

ፊደል ይሰበራል ወይስ አይሰበርም የሚለውን ፈተና ያስተማሩኝ ከሶቪየት ኅብረት የመጡ፣ በነታንያው ፖሌግ አካባቢ የሠሩ አንድ አዛውንት መሐንዲስ ናቸው። አማርኛ አያነቡም ነበር። ነገር ግን «ባለ ሦስት ባይት ጽሑፍ አምጣልኝ» ብለው ከእኔ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ወስደው ባይቱን አንድ በአንድ፣ በየመካከሉ እየቆሙ፣ በሲሪያል ፖርቱ ይልኩ ነበር። ፊደሉ ሙሉ ሆኖ ከወጣ ያልፋሉ፤ ካልወጣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ኮዱን ይመልሱታል። የተመለሰለት ተለማማጅ የት እንደሳተ ራሱ ያገኘዋል።

ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ተራ ኮንሶል ላይ ተገልብጦ ይወጣል፤ ለዚያ ችግር አዝናለሁ። የእኛ ፊደል ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ማመካኛ የለንም። በዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ አለ፤ ከ300 በላይ ምልክት ስለሆነ 256 ምልክት በሚይዝ የኮንሶል ፎንት አይገባም፤ 512 በሚይዘው ግን ከላቲኑ ጋር ይገባል። ዋጋ አለው። ቪጂኤ ወደ 512 ሲሰፋ ከቀለሙ ባይት አንዱን ቢት ይወስዳል፤ 16ቱ የጽሑፍ ቀለሞች 8 ይሆናሉ። እኔ ያለ ምንም ማመንታት ቀለሙን እሰጣለሁ።

ለቀለሙ የሚሰጠው ጭብጨባ የሚገባቸው ጎሐ፣ ጎሐ ክላሲክና አጋፋሪ የተባሉትን ፎንቶች የሠሩት ናቸው። በሊኑክስ የኮንሶል ፎንቶች ጥቅል ውስጥ በ12፣ በ14 እና በ16 ነጥብ ቁመት ተቀምጠዋል። ጩን ከጪ፣ ጸን ከጰ በ8 ነጥብ ስፋት መለየት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሚያውቀው የሞከረው ነው። ተለማማጁ ከእነዚህ አንዱን ይጫን፤ ስሙን ይጻፍ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ማጥፊያውን ይጫን። አንድ ባይት ብቻ ከጠፋና የፊደል ስባሪ ከቀረ አይዩቲኤፍ8 የሚባለው ቅንብር ተረስቷል፤ ኮዱን ይዞ ወደ ወንበሩ ይመለስ።