ከፈረሱ በኋላ የሚመጣው ዘፈን

የጥር 23ን የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚያደንቅ ሁሉ ዓይኑን ከሽምጥ ግልቢያው ላይ አይነቅልም፤ እኔ ግን ለጆሮ አደላለሁ። በዓሉ በ1888 ዓ.ም. አድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባል። በሜዳው ትዝታውን የሚሸከመው ፈረሱ ነው፤ ሲመሽ ግን በጎዳናው ዘፈኑ ይረከበዋል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ መንገደኛም ካጨበጨበ ከተቀባዮች ተቆጠረ፤ ቲኬት የለ፣ አጥር የለ። «ይህን እኮ የድምፅ ማጉያ ውጦታል» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ ሞንታርቦ ከጮኸ የአውጪው ግጥም አይሰማም። ማጉያ ግን ተቀባይ አይሆንም፤ በአገዎቹ ቋንቋ በአውኚ የተወረወረ ስንኝ መልስ የሚያገኘው ቋንቋውን ከሚያውቅ ጉሮሮ ብቻ ነው። እዚህ ላይ እንደ አዘና ያለች ትንሽ ከተማ ከትልቁ ትበልጣለች፦ አውጪው ተቀባዮቹን በየስማቸው ያውቃቸዋል፣ ግጥሙም ማንን እንደነካ ወዲያው ይታወቃል።