«ሂብሪስ»፦ የተዋሰ ሁሉ ሌባ ነውን?

«ይሄማ የሰው ልብስ ነው፤ የለበሰው ሰው ብቻ ነው የተለወጠው» አለ አንድ ጓደኛችን፣ የመጀመሪያው ድርሰት ገና ሳይጋመስ። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ኤንግላጎርድ የተባለውን የስዊድን ቡድን የበኩር ሥራ፣ «ሂብሪስ»ን፣ በዳግም ኅትመቱ እያዳመጥን ነበር። ጓደኛችን የእንግሊዞቹን «ጄነሲስ»፣ «ኪንግ ክሪምሰን» እና «የስ» አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ክሱ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ክስ የተሰጠ መልስ ነው፤ አንባቢ ዳኛ ይሁን።

በቅድሚያ ተከሳሹን እናስተዋውቅ። ኤንግላጎርድ («የመላእክት ግቢ» እንደ ማለት ነው) በ1991 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ተመሠረተ። አባላቱ ስድስት ወጣቶች ነበሩ፦ ሁለት ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ ኪቦርድና ፍሉት። «ሂብሪስ» በ1992 ወጣ። አራት ድርሰቶች ብቻ ይዟል፤ አጭሩ ስምንት ደቂቃ፣ ረጅሙ አሥራ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በ2000 ደግሞ ድምፁ ታድሶ፣ አንድ ተጨማሪ ድርሰት ተመርቆለት እንደገና ታተመ። ስሙ የግሪክ ቃል ነው፤ ከልክ ያለፈ፣ ውድቀትን የሚጠራ ትዕቢት ማለት። የመጀመሪያ ሥራውን «ትዕቢት» ብሎ የሚሰይም ወጣት ወይ አላዋቂ ነው፣ ወይ የሚያደርገውን ያውቃል።

አሁን ወደ ክሱ እንግባ። እውነት አለው ወይ? አዎ፣ አለው። በ1992 ዓለም ሌላ ሙዚቃ ነበር የሚያዳምጠው፤ እነዚህ ልጆች ግን ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰው ሜሎትሮን የተባለውን መሣሪያ አነሡ። ሜሎትሮን የእንግሊዞች ፈጠራ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ልክ እንደ ካሴት ያለ ክር አለ፤ ክሩ ላይ የቫዮሊን፣ የፍሉት ወይም የመዘምራን ድምፅ ተቀድቷል። ቁልፉን ሲጫኑት ክሩ ይሄዳል፤ ስምንት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ያልቃል። ከዚያ ጣትን ማንሣት ግድ ነው፤ ክሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከባድና አስቸጋሪ መሣሪያ ነው። በ1986 መመረቱ ቆሞ ነበር። በ1992 የዚያኑ ድምፅ በዲጂታል መሣሪያ ማውጣት ይቻል ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው?

መልሱ ሙዚቃው ውስጥ ነው። ሜሎትሮን እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ትንፋሽ የሚያጥረው መሣሪያ ደራሲውን ቁጥብ ያደርገዋል፤ ዜማውን በስምንት ሰከንድ ውስጥ እንዲናገር ያስገድደዋል። በ«ሂብሪስ» ላይ የሜሎትሮኑ ድምፅ ሲገባ ከሩቅ እንደሚመጣ ደመና ይከብዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ስለዚህ እነዚህ ልጆች የተዋሱት የእንግሊዞችን ዜማ ሳይሆን የእንግሊዞችን ችግር ነው። ችግርን መዋስ ደግሞ ስርቆት አይባልም፤ የተዋሰው ሰው ራሱ ሊፈታው ይገባዋልና።

ሁለተኛው ማስረጃ ቋንቋው ነው። የመጀመሪያው ድርሰት፣ «ዩርድሮክ»፣ ቃል የለውም፤ በፒያኖ ብቻ ይከፈትና ድንገት ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። በቀሩት ሦስቱ ጊታሪስቱ ቱርድ ሊንድማን ይዘፍናል፤ የሚዘፍነውም በስዊድንኛ ነው። ይህ እንደ ቀላል ነገር አይታይ። ስዊድን በ1974 ዓለምን ያወቀችው አባ በእንግሊዝኛ በዘፈኑት ዘፈን ነው። ገበያው በዚያ በኩል ነበር። በዚያው ዘመን ደግሞ እዚያው ስዊድን ውስጥ «ፕሮግ» የሚባል የግራ ክንፍ የሙዚቃ ንቅናቄ በራሱ ቋንቋ ይዘፍን፣ በራሱ ኩባንያዎች ሸክላ ያሳትም ነበር፤ በ1975 የዩሮቪዥን ውድድር ስቶክሆልም ሲዘጋጅም ያንን በመቃወም የራሱን አማራጭ ፌስቲቫል አካሂዷል። ለነዚያ ሰዎች የእናት ቋንቋ መፈክር ነበር።

«እሺ፣ ታዲያ ኤንግላጎርድ ውስጥ ትግሉ የታለ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የለም። ርእሶቹን ብቻ እንይ፦ «በመጥፋት ውስጥ መንከራተት»፣ «ከብርሃን ወደ ብርሃን»፣ «ንጉሥ ቡሬ»። ቡሬ በስዊድኖች አነጋገር ክረምት በሰው አምሳል ሲታሰብ የሚሰጠው ስም ነው፤ የበረዶው ንጉሥ። መፈክር አይደለም፤ አየር ነው። የበረዶ አገር ልጅ የበረዶውን ንጉሥ በራሱ ቋንቋ ሲጠራው ሸማው የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። ጥለቱ ከውጭ መጥቶ ይሆናል፤ ጥጡ ግን እዚያው የበቀለ ነው።

ሆኖም ሐያሲ ጠበቃ ብቻ መሆን የለበትም። ሸክላው ጉድለት አለው። አንደኛ፣ አንድ ሐሳብ ገና ሥር ሳይሰድ ሌላ ይተካዋል፤ ጸጥታው በጩኸት፣ ጩኸቱ በጸጥታ እየተቆረጠ አድማጭ አንዳንዴ «እንዴ! የቅድሙ የት ሄደ?» ይላል። ወጣትነት ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ማሳየት ይወዳል። ሁለተኛ፣ የሊንድማን ድምፅ ከመሣሪያዎቹ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው፤ የአና ሆልምግሬን ፍሉት ከሱ በላይ ይዘፍናል። ቡድኑ በ1994 ባወጣው ሁለተኛ ሥራ፣ «ኤፒሎግ»፣ ዘፈኑን ጨርሶ ተወው። ለኔ ግን ይህ ኪሳራ ነው። ያ ደካማ ድምፅ ባይኖር «ሂብሪስ» ውብ ሕንፃ ብቻ በሆነ ነበር፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ያደረገው እሱ ነው።

አሁን ስለ ዳግም ኅትመቱ። «ንጉሥ ቡሬ» ለመጨረሻነት የተሠራ ድርሰት ነው። በጊታር ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ይገዝፋል፣ እንደ ክረምቱ ሁሉን ይሸፍናል። ሲያልቅ ዝም ማለት ያሻል። የ2000ው ኅትመት ግን ዝም አያሰኝም፤ ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚሆነውን «ጎንግሎት ፍሮን ክናፕቲብሌ»ን ይመርቅልሃል። የገበያ ምርቃት ደስ ይላል፤ የኪነት ምርቃት ግን ሁልጊዜ ደስ አይልም። አሳታሚዎች እባካችሁ፣ ደራሲው የዘጋውን በር አትክፈቱ!

ይሁንና ይህ ያለቦታው የመጣ ድርሰት ክርክራችንን ዘጋልን። «ጎንግሎት» በስዊድን የሕዝብ ሙዚቃ የሚታወቅ የዜማ ዓይነት ነው፤ የመራመጃ ዜማ እንደ ማለት ነው። እንግሊዞችን ገለበጡ የተባሉት ልጆች ለድርሰታቸው የአያቶቻቸውን የእግር መንገድ ስም ሰጥተውታል። ለጓደኛችን ይህን ስነግረው ጥቂት ዝም አለና «እስቲ ከመጀመሪያው መልሰው» አለኝ።

እኛም ግጥም የምንሞክር ሁሉ የታላላቆቻችንን ቤት አመታት እየተዋስን እንጀምራለን፤ ያላደረገው ቢኖር ይናገር። ማፈር የሚገባን ተውሶ በመጀመራችን አይደለም። በተዋስነው ውስጥ የራሳችንን ክረምት ሳናስገባበት ከቀረን ነው።