ከሂልተን አዳራሽ እስከ ኢንዲ መድረክ፦ የደቦ ባንድ አነሣስና የተሸከመው ቅርስ

በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የተመሠረተው ደቦ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ2012 ሲሆን፣ አሳታሚው ኔክስት አምቢያንስ በሲያትል ከሚገኘው ሰብ ፖፕ ጋር የሚሠራ ንዑስ ድርጅት ነበር። ሰብ ፖፕ በ1989 «ብሊች» የተባለውን የኒርቫና የመጀመሪያ አልበም ያሳተመ፣ በኢንዲ ሮክ ታሪክ ውስጥ ስሙ ቀድሞ የሚነሣ ድርጅት ነው። ኢንዲ የሚባለው ከትልልቆቹ የሸክላና የሲዲ ኩባንያዎች ውጭ፣ በአነስተኛ ካፒታል፣ በራሳቸው በሙዚቀኞቹ ወይም በትንንሽ አሳታሚዎች የሚዘጋጅና የሚሠራጭ ሙዚቃ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ የአሠራሩ ስም የሙዚቃው ዓይነት መጠሪያም ሆኗል። አብዛኞቹ አባላቱ ኢትዮጵያውያን ያልሆኑ፣ ግን በአማርኛ የሚዘፈን ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ እንዲህ ባለ አሳታሚ ዘንድ መድረሱ ብዙ ጊዜ እንደ ድንገተኛ ግኝት ይታያል። የባንዱ ታሪክ በቅርብ ሲመረመር ግን ለዚህ ደረጃ ያበቃው ከእርሱ በፊት በሌሎች የተሠራ የብዙ ዘመን ሥራና የራሱ የአባላቱ የጋራ ልፋት እንደሆነ ይታያል።

የባንዱ መሥራች ሳክስፎን ተጫዋቹ ዳኒ መኮንን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በሱዳን ተወልዶ በቴክሳስ ያደገ፣ ኋላም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦችን ሙዚቃ ከባህላቸው ጋር አያይዞ የሚያጠናውን የኢትኖሙዚኮሎጂ ትምህርት የተከታተለ ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤልን ዜማ ያጠኑት ፕሮፌሰር ኬይ ሸለመይ ያስተምሩ ስለነበር፣ የኢትዮጵያ ሙዚቃ በትምህርት ቤቱ ባይተዋር አልነበረም። ቦስተን በሌላ መንገድም የተዘጋጀ መሬት ነበር። በሳክስፎኒስቱ ረስ ገርሾን የሚመራው ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የከተማዋ የጃዝ ቡድን በ2004 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ዝግጅቱን አቅርቧል፤ የዝግጅቱ ቅጂም «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት ሃያኛ ቅጽ ሆኖ ወጥቷል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ያዘጋጀው ይህ ተከታታይ፣ በአዲስ አበባ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተቀረጹ ሸክላዎች ለምዕራባውያን ሙዚቀኞች በቀላሉ እንዲደርሱ አድርጓል። ያለ እነዚህ ቅጾች ደቦ ባንድ ይፈጠር ነበር ብሎ መገመት ያስቸግራል።

ሆኖም ፋልሴቶም ሆነ ኢዘር ኦርኬስትራ የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም። ለዓመታት በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ነበር፤ ከዘፋኞቹም መካከል ማሕሙድ አህመድና ጌታቸው ካሣ ነበሩበት። ጉዞው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንድ በአሜሪካ ያደረገው የመጀመሪያ የዝግጅት ጉዞ ሆኖ ሲጠቀስ፣ አድማጩ ግን በአብዛኛው ከደርግ ሸሽቶ የተሰደደው ሕዝብ ነበር። ከባንዱ አባላት ግርማ በየነ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ባንዶች የሚጫወቱትን «ሙዚቃዊ ስልት» ካቀናበረው ከግርማ በየነ ጀምሮ እነዚህ ሰዎች በሀገራቸው ቀዳሚ ሙዚቀኞች ሲሆኑ፣ የአሜሪካ ሙዚቃ ኢንዱስትሪ ግን ለረጅም ዘመን ፊቱን አላዞረላቸውም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን የተጫወተበትን ካሴት ካወጣ በኋላ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ ካሴቱ በሌላ አነስተኛ አሳታሚ ለዓለም ገበያ ዳግም የቀረበው በ2013 ነው፤ ይኸውም ከደቦ ባንድ የመጀመሪያ አልበም አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቀዳሚው ዕውቅና ያገኘው ከተከታዩ በኋላ መሆኑ የሚያሳዝን ነው። ምክንያቱ የሙዚቃው ጥራት ማነስ ሳይሆን የማዳመጫ መንገዶች አለመኖር ነበር፤ ስደተኛው በሬስቶራንትና በሠርግ አዳራሽ የሚያደምጠው ሙዚቃ፣ አሜሪካዊው ወጣት የሚያዘወትራቸው ክበቦች ዘንድ የሚደርስበት በር አልነበረውም።

ያን በር ለመክፈት ደቦ ባንድ ያደረገው አስተዋጽኦ በአደረጃጀቱ ላይ ጎልቶ ይታያል። እስከ አሥራ አንድ የሚደርሱት አባላት ቫዮሊን፣ አኮርዲዮን፣ ጊታር፣ ከበሮ፣ ሳክስፎን፣ መለከትና ሱዛፎን፣ ማለትም በትከሻ ተጠምጥሞ የሚነፋውን ትልቅ የናስ መሣሪያ፣ ይዘው ይጫወታሉ። ይህ ስብስብ ለአሜሪካዊ አድማጭ እንግዳ ቢመስልም ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ግን ባዳ አይደለም። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የናስ መሣሪያዎች፣ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አምጥተዋቸው በ1924 አዲስ አበባ የገቡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከዚያም የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሁሉ ያቆሙት የነፋሽ መሣሪያ ባህል በእነዚህ የቦስተን ልጆች እጅ ውስጥ ይሰማል። ዳኒ መኮንን ከጓደኞቹ ጋር ያደረገው ነገር ሸክላውን እንዳለ መቅዳት አልነበረም፤ የድሮውን ቅንብር መሠረቱን ጠብቆ ለያዙት መሣሪያ እንደሚስማማ አድርጎ መልሶ መሥራት ነበር። የቅኝት ጉዳይ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ቅኝት በኢትዮጵያ ሙዚቃ አምስት ድምፆች የሚደረደሩበት ሥርዓት ሲሆን፣ ዋናዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ለአውሮፓ ሚዛን የተስተካከለ አኮርዲዮን እነዚህን ሲጫወት የሚጎድለው ጥቃቅን የድምፅ ማዘንበል አለ፤ ቫዮሊንና የሰው ድምፅ ያንን ጉድለት ይሞላሉ፤ በአልበሙ ውስጥ «አምባሰል»ን የሚሰማ ሰው የእነዚህን መደጋገፍ ለመረዳት አይቸገርም።

የባንዱ ስም የተወሰደው ገበሬዎች ተሰባስበው አንዱን ቤተሰብ ከሚያግዙበት የሥራ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ለደቡብ ጎንደሮቹ ለእስቴ፣ ለስማዳና ለጋይንት አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የደቦው ባለቤት እንጀራና ጠላ ያዘጋጃል፣ አቀንቃኙ ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፣ ማጭዱም በዜማው ምት ይሄዳል፤ ከወንፈል የሚለየውም ውለታው ቀን በቀን ተቆጥሮ የማይመለስ መሆኑ ነው። ባንዱ ይህን ስም መያዙ ከጌጥነት ያልፋል፤ በአሜሪካ የኢንዲ ዓለም ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ይዞ በአውቶቡስ መዞር ትርፍ የሚያስገኝ ንግድ ስላልሆነ፣ ብዙዎቹ አባላት ሌላ ሥራ እየሠሩ፣ ለመሰባሰብ ሲሉ የሚሰባሰቡበት ቡድን መሆን ነበረበት።

ከዚሁ ጋር በቅንነት ሊነሣ የሚገባ ጥያቄ አለ። ስሙ የገጠር ቢሆንም ዜማዎቹ በአብዛኛው የአዲስ አበባ የምሽት ክበብና የኦርኬስትራ ዜማዎች ናቸው፤ የጌታቸው መኩሪያ «አካለ ውቤ» እና የአለማየሁ እሸቴ «ነይ ነይ ወለባ» የዚህ ማስረጃ ናቸው። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን ከጦር ሜዳ ዜማነት ወደ ሳክስፎን ያሸጋገረ ሰው በመሆኑ፣ ከተሜው ሙዚቃ ከገጠሩ ተነጥሎ አያውቅም። ነገር ግን በዋናነት በሸክላ የተቀረጸውን ብቻ የሚያነብ ባንድ፣ ሸክላ ያልደረሰበትን የአዝማሪ ዓለም በሌሎች ሰዎች ምርጫ በኩል ብቻ ይሰማል። በአልበሙ ውስጥ ለዚህ ዓለም ይበልጥ የሚቀርበው «መዲናና ዘለሰኛ» ነው፤ ዘለሰኛ በጎንደርና በጎጃም አዝማሪዎች ዘንድ በእርጋታ፣ በማሲንቆ፣ ቃሉ ከዜማው ቀድሞ የሚደመጥበት ስልት ነውና። በዚህ ዘፈን የባንዱ ዘፋኝ ብሩክ ተስፋዬ ድምፁን በመጠን ይዞ ቃሉን ሲያስቀድም ሌላው ባንድ ወደ ኋላ ማለቱ የባንዱን ብስለት የሚያሳይ ሲሆን፣ ከአልበሙ ሥራዎች ሁሉ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው ይኸው ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ግን ሌላ ችግር ይከሠታል፤ አማርኛ የማያውቅ አድማጭ ከሰምና ወርቅ የሚያገኘው ድምፁን ብቻ ነው። ደቦ ባንድ ይህን በትርጉም ለመሙላት አልሞከረም፣ ዘፈኑን ወደ እንግሊዝኛም አልመለሰም፤ የቃሉን ክብር በዚህ መንገድ ጠብቋል፣ ዋጋውም አድማጩ ምቱን ብቻ ይዞ መሄዱ ነው።

ባንዱ በ2009 አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ መጫወቱ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺሱ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ሙዚቀኞችና ከተወዛዋዡ መላኩ በላይ ጋር አንድ መድረክ መጋራቱ በዚህ ረገድ ከአልበሙ የማይተናነስ ትርጉም አለው፤ ማሲንቆና እስክስታ በሸክላ ሳይሆን በአካል ከሱዛፎኑ ጎን ቆመዋልና። የመጀመሪያውን አልበም የመራው ቶማስ ጎበና፣ ጎጎል ቦርዴሎ በተባለው የኒውዮርክ ባንድ ቤዝ ይጫወት የነበረ ኢትዮጵያዊ፣ ይህን ሁሉ ግለት በስቱዲዮ ውስጥ አቅፎ ለማቆየት ታግሏል፤ ቢሆንም በመድረክ የሚሰማው ሞገድ በቅጂው ላይ ጥቂት መለዘቡ አልቀረም። በ2016 የወጣው «ኧረ ጎበዝ» ከዚህ ሰፋ ይላል፤ ከኦኪናዋ ደሴት የመጣ ዜማንም አካትቷል። በኮሪያ ጦርነት የተሰለፈው የቃኘው ሻለቃ ወታደር ከሩቅ ምሥራቅ ዜማዎች ጋር የተገናኘበትን ታሪክ የሚያስታውስ አንባቢ፣ ይህ ምርጫ ከየት እንደመጣ በቀላሉ ይረዳል፤ የኦኪናዋ ዜማ ባለ አምስት ድምፅ መሆኑም ለኢትዮጵያ ጆሮ የሚያቀርበው ነው።

ከባንዱ ቫዮሊን ተጫዋቾች አንዷ ኬትሄ ሆስቴተር ኋላ ወደ አዲስ አበባ ተሻግራ ቋንቋ የተባለውን ባንድ መሥርታለች። በዚያ ባንድ ውስጥ ቫዮሊኑ ከእንድሪስ ሀሰን ማሲንቆ፣ ከክራርና ከከበሮ ጋር ይጫወታል፣ ዘፋኟም ከአዝማሪ ቤት የወጣችው ሰላምነሽ ዘመነ ናት። ቦስተን ላይ ከሸክላ የተማረው ጆሮ አዲስ አበባ ላይ ከአዝማሪው ቀጥታ መማር የጀመረው በዚህ ነው። የደቦ ባንድን ውርስ ለመመዘን የሚፈልግ ተመራማሪ ከሁለቱ አልበሞች ባሻገር ይህን የኋለኛውን ሥራ ማዳመጥ ይኖርበታል፤ ከመጀመሪያው አልበም የጎደለው የገጠር ድምፅ በሸክላ ሳይሆን በሰው አማካይነት የተገኘው በዚህ በኩል ነውና።