«ግራን ቱሪስሞ»፦ ጎማውን ማን ነፋው?

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን «ግራን ቱሪስሞ» ፊልም አይታችሁታል? ማርደንቦሮ የተባለ የቪዲዮ ጌም ተጫዋች በኒሳንና በፕሌይስቴሽን የመኪና ውድድር ትምህርት ቤት ገብቶ እውነተኛ ተወዳዳሪ ሲሆን ያሳያል። ልብ ያንጠለጥላል! ከጀርባ ያሉትን ሠራተኞች ግን ላይ ላዩን ነክቶ ያልፋቸዋል።

እስቲ አስቡት፦ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የተነፋ ጎማ በሩጫ 80 ሲደርስ፣ የውስጡ አየር ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምራል። ከልክ ካለፈ አስፋልቱን የሚነካው ክፍል ይጠብና መኪናው መንሸራተት ይቀናዋል። ስለዚህ ጎሚስታው ሙቀቱን አስቀድሞ አስልቶ፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ይነፋል፤ ተማሪው ሲመለስም እንደገና ይለካል።

ፊልሙ ይህን ለሁለት ደቂቃ ቢያሳየን ምን ነበረበት? የተማሪው ሕይወት እኮ በዚያች መለኪያም ላይ ነው።