ስለ ከተማ መታደስና በ1950ዎቹ ስለ ተሠሩ የመሥሪያ ቤት ሕንጻዎች፤ ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ

የአንድ ሕዝብ ባህል ሲጠና አስቀድመው የሚታሰቡት ቤተ መቅደሱ፥ ጎጆው፥ መሶቡ፥ ሸማው፥ የእርሻ መሣሪያውና የሠርጉ ዘፈን ናቸው። ጸሐፊው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ፥ ባለጉዳዩ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን የሚጠብቅበት የመሥሪያ ቤት ሕንጻ ግን ከባህል አይቈጠርም። የተሠራው በስሚንቶና በብረት ስለ ሆነ፥ ንድፉንም ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ሰው ስላወጣው፥ እንደ ባዕድ ይታያል። ይህ አስተያየት ትክክል ነውን? ጥያቄው ለክርክር ያህል ብቻ የቀረበ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውና ቀጥሎ ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት፥ የትኛው ሕንጻ እንዲቆም፥ የትኛው እንዲፈርስ በአጭር ቀጠሮ የሚያስወስን ሥራ ሆኗል። ባህል ነው ተብሎ ያልታወቀ ነገር ደግሞ በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠበቃ አያገኝም።

ነገሩን ለመመርመር መነሻ የሚሆኑት በአዲስ አበባ ያሉት ታላላቆቹ ሕንጻዎች ናቸው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የደረሰውን ቴአትር ቤት፥ ይኸውም የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር፥ በኋላም የንግድ ባንክን ክብ ሕንጻ ነደፈ። ኢጣልያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ አፍሪካ አዳራሽንና የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት ሠራ። ዛልማን ኤናቭና ሚካኤል ቴድሮስ የተባሉት ባልደረቦችም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የፍል ውሃን መታጠቢያ ሕንጻ ነደፉ። ነዳፊዎቹ አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ቢሆኑም፥ በቤቶቹ ውስጥ የተሠራውን ሥራ የሠሩት የዚህ አገር ሰዎች ናቸው። ለምሳሌ ያህል፥ ከአምቦ አጠገብ ቦዳ በተባለ ስፍራ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሾሜትን ቴአትር ቤት በኃላፊነት መርቶ፥ መድረኩን የአማርኛ ቋንቋ ከፍተኛ ቃል የሚሰማበት ስፍራ እንዲሆን አድርጎታል። እንግዲህ አንድ ሕንጻ የማን እንደ ሆነ የሚለየው በነዳፊው ፓስፖርት ሳይሆን፥ በውስጡ በተደረገው ነገር ነው።

ከእነዚህ መካከል በመታደስ ረገድ ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው አፍሪካ አዳራሽ ነው። ይህ ቤት በ18 ወር ያህል ጊዜ ተሠርቶ በጥር 1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመበት። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕልም ያለው በዚሁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 57 ሚሊዮን ዶላር ያህል መድቦ ቤቱን ሲያሳድስ ከቆየ በኋላ፥ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ። በሥራው ጥራት ረገድ የሚነቀፍ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ከዚህ ሥራ የሚወሰደው ትምህርት በጥንቃቄ ሊመዘን ይገባል። አዳራሹ ያለው በታጠረና በሚጠበቅ ግቢ ውስጥ ስለ ሆነ፥ የጠበቀው የመንግሥታትን ትዝታ እንጂ የከተማውን ሰው የዕለት ኑሮ አይደለም። የወጪው መጠን ደግሞ የአውራጃ ከተማ ሹም ሲሰማው፥ «ማደስ የባለ ብዙ ሀብት ሥራ ነው፤ ማፍረስ ይረክሳል» ብሎ እንዲደመድም ያደርገዋል። አዳራሹ በጥሩ ሁኔታ የታደሰ ቢሆንም፥ ሳይመረመር እንደ ምሳሌ ከተወሰደ ለሌሎች ቤቶች መፍረሻ ምክንያት ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ ለሌሎች ከተሞች የሚቀርበው የንግድ ባንክ ምሳሌ ነው። ክቡ ባንክ የተሠራው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ንድፉ ቀላል፥ አሳቡም ግልጽ ነው፤ ገንዘብ የሚያስገባና የሚያወጣ ሁሉ በአንድ ክብ ጣራ ሥር፥ ፊት ለፊት እየተያየ ጉዳዩን ይፈጽማል። ባንኩ እየሰፋ ሄዶ ቦታ ሲጠበው፥ አሮጌውን አፍርሶ በላዩ ላይ መሥራት ይችል ነበር። ያደረገው ግን በአጠገቡ 209 ሜትር የሚረዝም አዲስ ሕንጻ ማቆም ነው፤ እርሱም በየካቲት 2014 ዓ.ም. ተመረቀ። የሁለቱ መጠን አለመመጣጠኑ ለዓይን ይከብዳል፤ ክቡ ቤት በዝሆን አጠገብ እንደ ተቀመጠች ዔሊ ሆኗል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ቢሆንም አንድ ዋና ነገር ተረጋግጧል፤ አዲሱ እንዲኖር አሮጌው መሞት የለበትም።

በአንጻሩ የፒያሳን ጉዳይ መመልከት ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉት ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። በዚሁ ዓመት በየካቲት ወር ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ታላቁ ማዘጋጃ ቤት ቆሟል፤ መንገዱም ሰፍቷል፥ ተውቧልም። ነገር ግን በሕንጻዎቹ ዙሪያ ሻይ እያፈላ፥ ጫማ እየጠረገ፥ ማመልከቻ እየጻፈ፥ ምሳ እያቀረበ የሚኖረው ሕዝብ ከስፍራው ርቋል። በተጨናነቁት ቤቶች የነበረው ኑሮ ብዙ ጊዜ ችግር የበዛበት ስለ ነበር፥ ማንም ሊያስውበው አይገባም። የመጸዳጃና የውሃ ችግር ያለበትን ሰፈር «ቅርስ ነውና አይነካ» የሚል ሰው እዚያ ያልኖረ ሰው ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሕንጻው ሲጠበቅ ሕንጻውን ሥራ ላይ ያዋለው ግንኙነት ከተበጠሰ፥ ተጠበቀ የሚባለው ምንድን ነው?

ይህን ለመመለስ የመሥሪያ ቤት አመጣጥ በአጭሩ መታየት አለበት። በቀድሞው ሥርዓት ገዥው የሚኖርበትና የሚያስተዳድርበት ግቢ አንድ ነበረ። ባለጉዳይ የሚቀርበው ወደ ሹሙ አዳራሽ ነበር፤ ደጅ መጥናት የተባለውም በእርግጥ በሰው ቤት ደጅ መቆም ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ሹማምንቱን የደመወዝ ሠራተኞች አደረጋቸው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቶችን በሕግ አቋቋመ። ከዚህ የተነሣ የሹሙ ቤትና የሥራው ቤት መለየት ግድ ሆነ። በየአውራጃው ከተማ የቆሙት የድንጋይ መሠረት፥ የቆርቆሮ ክዳንና ረጅም በረንዳ ያላቸው ጽሕፈት ቤቶች፥ በአዲስ አበባም የቆሙት ታላላቅ ሕንጻዎች፥ የዚህ ለውጥ ልጆች ናቸው። ሥልጣን ከሰው ቤት ወጥቶ የሕዝብ ቤት መግባቱን የሚያሳይ ከእነርሱ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሆኖም አሮጌው ልማድ በአዲሱ ቤት ውስጥ አልጠፋም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። ደጅ ጥናት ከአጥር ሥር ወደ በረንዳ ወጣ። ከበረንዳው ወይም ከደጃፉ ጥላ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊው ጠረጴዛውን ዘረጋ፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችለው ገበሬ በደሉን መንግሥት ወደሚሰማው ቋንቋ የሚመልስለት እርሱ ሆነ። ከሩቅ የመጡ ሰዎች ተራ ሲጠብቁ ይተዋወቃሉ፥ ወሬ ይለዋወጣሉ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዳኛው ፊት ሳይቀርቡ በሽማግሌ ይታረቃሉ። በሜጫ ኦሮሞ አገር ይህ ነገር ሌላም ሥር አለው። ኦዳ ቢሲል የሚገኝበት የምዕራብ ሸዋ ሕዝብ ሕግ መደንገግንና ዕርቅ ማውረድን በዛፍ ጥላ ሥር የለመደ ነው፤ የጃርሳ ዕርቅ ዛሬም አልተቋረጠም። በኦሮምኛ ዋጅራ የሚባለው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ያለው ሆኖ ሲሠራ፥ ነዳፊው ባያስበውም፥ ሕዝቡ የዛፉን ጥላ ፋንታ አገኘበት።

እንግዲህ ወደ አምቦ እንመለስ። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬም የምዕራብ ሸዋ ዞን መቀመጫ ናት። በማዕድን ውሃዋና በፍል ውሃዋ፥ በ1939 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው የእርሻ ትምህርት ቤቷም ትታወቃለች። በአምቦ፥ በጊንጪ፥ በጉደርና በጌዶ የሾሜትን ወይም የሜዜዲሚን ፊርማ መፈለግ ዋጋ የለውም። በእንዲህ ያሉ ከተሞች የዚያ ዘመን ምስክሮች ስማቸው ባልታወቀ ግንበኞች የተሠሩ ዝቅተኛ ቤቶች ናቸው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚመዝነው በሳይንስ፥ በታሪክ፥ በባህል፥ በኪነ ጥበብና በእደ ጥበብ ይዘቱ ነው፤ በቁመቱ ወይም በነዳፊው ዝና አይደለም። በተግባር ግን ዓይን የሚሞላው ብቻ ይመዘገባል፤ በረንዳ ያለው ጽሕፈት ቤት «አሮጌ ቤት» ከመባል አያልፍም።

ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ፥ ብዙ ቤቶች ኪራያቸው ለጥገና የማይበቃ፥ ጠጋኝ ባለቤትም የሌላቸው ሆነው ቆዩ። ጣራው ሲያፈስ በወቅቱ የሚለውጠው ባለመኖሩ ግድግዳው ተበላሸ፤ የግድግዳውም መበላሸት ኋላ ለማፍረስ ማስረጃ ተደርጎ ቀረበ። ሁለተኛው የመሬት ሊዝ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 የሊዝን ሥርዓት ካጠናከረው ወዲህ፥ በዋናው መንገድ ዳር ያለው ቦታ ከላዩ ካለው ቤት ይልቅ የከበረ ሆነ። ስለዚህ ዝቅተኛው ቤት ቦታ የያዘ ዕቃ መስሎ ይታያል። እነዚህን ምክንያቶች ሳያነሡ «ሕዝባችን ቅርስ አያከብርም» ብሎ መውቀስ በሽታውን ትቶ በሽተኛውን መገሠጽ ነው።

በጥበቃው ላይ የሚቀርብ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሊታለፍም አይገባም። እነዚህ በረንዳዎች መሬቱን የተነጠቀው ጭሰኛ የተመላለሰባቸው፥ ቋንቋውን ያልተማረ ሹም ፊት በአስተርጓሚ የተናገረባቸው፥ ብዙ ጊዜም ባዶ እጁን የተመለሰባቸው ናቸው። «የግፍ ቤት ለምን ይጠበቃል?» የሚል የአምቦ ሰው ቢኖር፥ ንግግሩ ከቂም የመጣ ነው ብሎ ማቃለል አይቻልም። ነገር ግን ምስክር ሲጠፋ ግፉ አብሮ አይጠፋም፤ የሚጠፋው መረጃው ነው። ሕንጻን መጠበቅ የሠራውን መንግሥት ማወደስ አይደለም። እንዲያውም ልጅ አያቱ የቆመበትን ደጃፍ ቢያይ፥ ነገሩን ከመጽሐፍ ይልቅ አጥብቆ ይረዳዋል።

በዚሁ ምድር የቀደመ ምሳሌም አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በአምቦ መንገድ ላይ ያለችውን አዲስ ዓለምን አዲስ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥት አሠሩ። የባሕር ዛፍ መስፋፋት የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ሲያቃልለው አሳቡ ቀረ። የተሠራው ግን አልፈረሰም፤ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አንድን ቤት ለሌላ አገልግሎት ማዋል ከውጭ አገር ምሁራን የተቀዳ አዲስ ፈሊጥ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል። በሌላው ዓለም ትምህርቱ የተገኘው ብዙ ጊዜ ከጥፋት በኋላ ነው። ኒው ዮርክ ትልቁን የፔንሲልቬኒያ የባቡር ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ማፍረስ ከጀመረች በኋላ ነው የሕንጻ ጥበቃ ሕግ ያወጣችው። አሥመራ በአንጻሩ የሃያኛውን ምእት ዓመት ሕንጻዎቿን ሳታፈርስ ቆይታ፥ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ሁሉም ይቁም የሚል አይደለም። ሠራተኛው በርክቶ ክፍሉ የጠበበበት፥ አካል ጉዳተኛ ሊወጣው የማይችል ደረጃ ያለበት ቤት ሊለወጥ ይገባዋል። የአሠራሩ ቅደም ተከተል ግን ሊታረም ይገባል። ዛሬ አስቀድሞ መንገዱ ይሠመራል፤ ቤቱ ኋላ ይታሰባል። ከመሠመሩ በፊት በየከተማው ያሉት የዚያ ዘመን መሥሪያ ቤቶች ቢለኩ፥ ፎቶግራፍ ቢነሡ፥ በውስጣቸው ያገለገሉ ጸሐፊዎችና ተላላኪዎች፥ በደጃቸው የተቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎችም ቢጠየቁ፥ ሥራው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአቅም በላይ አይሆንም። አዲሱ ሕንጻ የሚያስፈልግ ሲሆን ከአሮጌው ኋላ ባለው ግቢ ይሠራ፤ የፊቱ ቤትና በረንዳው ለባለጉዳይ መቀበያ ይቅር። ለዚህ የሚያስፈልገው 57 ሚሊዮን ዶላር ሳይሆን፥ ክረምት ሳይገባ የሚለወጥ ቆርቆሮና የሚጠረግ አሸንዳ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ደጃፉ ከሰው እንዳይራቆት ያስፈልጋል። አግዳሚው ወንበር ከተነሣ፥ ማመልከቻ ጸሐፊው ከተባረረ፥ በረንዳው በመስተዋት ከተዘጋ፥ ግድግዳው ቢቀባም ቤቱ አልተጠበቀም። በአምቦ በረንዳ ላይ ዛሬም ማለዳ ከገጠር ተነሥቶ የመጣ ሰው ወረቀቱን በእጁ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ከተማዋ ስትታደስ ይህ ሰው የሚቀመጥበትና ፀሐይ የማይመታው ስፍራ ካገኘ፥ የ1950ዎቹ ቤት ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።