ብሩን ሳናስኮበልል

ቦሌ መድኃኔዓለም ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብለን እንኖራለንና። እናቶቻችን ይህን በባቄላ ንፍሮ ያውቁታል፤ እኔ ያወቅሁት የወርቅና የብር ኮሎይድ፣ ማለትም በውሃ የተበተኑ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ ሳፈላ ነው። ኬሚስቱ ተርኬቪች እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው ዘዴ ወርቁን በሚፈላ ውሃ ውስጥ በሲትሬት ያበስላል። የእሱ ፈላና የእኔ ፈላ እኩል አይሞቁም። ስለዚህ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ትቼ ቀለሙን ማየት ለመድሁ።

ወርቅ ብቻ ሲሆን እንደ ቀይ ወይን ነው፤ ብርሃን የሚውጠው 520 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ብር ብቻ ሲሆን በብርሌ የተቀዳ ጠጅ ይመስላል፤ 400 አካባቢ ይውጣል። ግማሽ በግማሽ ሲቀየጡ 460 ገደማ ላይ አንድ የብርሃን መዋጥ ጉብታ ይወጣና ቀለሙ ብርቱካናማ ይሆናል። ጉብታው ሁለት ከሆነ ብረቶቹ አልተዋሃዱም፤ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። ዕቃውን በቧንቧ ውሃ አጥበን በተጣራ ውሃ ደጋግመን ካላለቀለቅን ደግሞ፣ በውሃው የቀረው ክሎራይድ ብሩን ይይዝና ነጭ ደመና ይሠራል።

እስከዚህ ያለው ሥራ ትዕግሥት ላለው ሰው ከባድ አይደለም። ከባዱ የቅንጣቱን ገጽ መለወጥ ነው። ሲትሬት ላላ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ቅንጣቶቹን የሚያራርቃቸው በኤሌክትሪክ ሙላቱ ነው። ጨው ሲገባ ያ ሙላት ይሸፈንና ቅንጣቶቹ ይጓጎላሉ። ደም ደግሞ ጨው አለበት። በየጤና ኬላው ለወባ የምናየው ቀይ መስመር፣ ፀረ እንግዳ አካል የለበሱ የወርቅ ቅንጣቶች ናቸው፤ ገጻቸው በደንብ ካልተሸፈነ መስመሩም አይታመንም። ስለዚህ ሲትሬቱን አስነስተን ጫፉ ድኝ በሆነው ቲዮል እንተካዋለን።

ወርቅም ብርም ድኝ ይወዳሉ፤ አወዳደዳቸው ግን አንድ አይደለም። በጀማሪነቴ ቲዮሉ በበዛ ቁጥር ሽፋኑ ይጠነክራል ብዬ ከሚያስፈልገው አሥር እጥፍ ጨመርኩና ክዳኑን ሳልገጥም አሳደርኩት። ጠዋት ስመጣ ምንም አልተጓጎለም። ደስታዬ ስፔክትሮፎቶሜትሩ ፊት እስክቀመጥ ብቻ ነበር። ጉብታው ከ460 ተነሥቶ ወደ ወርቁ ሸሽቷል፤ ብርቱካኑ ቀልቷል። የአየሩ ኦክስጅንና የተረፈው ቲዮል ተባብረው ብሩን ከቅይጡ አውጥተውታል። ሽፋኑ ጥሩ ነበር፤ የሸፈነው ግን እኔ የሠራሁትን ቅይጥ አልነበረም።

አሁን አስቀድሜ አሰላለሁ። 13 ናኖሜትር ስፋት ያለው ቅንጣት ገጹ ወደ 530 ካሬ ናኖሜትር ነው። አጭር ቲዮል በአንዱ ካሬ 4 ወይም 5 ይቀመጣል፤ ለአንድ ቅንጣት ከ2,000 በላይ ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ አልፌ እጨምራለሁ፤ ናይትሮጅን አሳልፌበት፣ ክዳን ገጥሜ፣ ጠብ እያደረግሁ። ሲትሬቱ አንድ ጊዜ ተገፍቶ አዲሱ ቦታውን ሳይዝ ከቀረ ገላጣ ቦታ ይቀራል፤ ቅንጣቶቹም እዚያው ላይ ይጣበቃሉ። በሴንትሪፊዩጅ ስናጥበውም እንዲሁ ነው፤ ፍጥነቱን ካበዛነው ታች የተደፈደፈው አይፈታም።

በቅርቡ አንዲት ተማሪ፣ «ዶክተር፣ ቀለሙ አልተለወጠም፤ በቃ አልቋል ማለት ነው?» አለችኝ። «ጉብታውን ልኪው፣ ከዚያ ጨው አምጪ» አልኳት። ይህ ፈተና የቆየ ነው። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1857 የወርቅ ኮሎይድ በጨው ከቀይ ወደ ሰማያዊ እንደሚለወጥ ጽፏል። የ1925ን (እ.ኤ.አ.) ኖቤል የተሸለመው ዚግሞንዲ ደግሞ የሽፋንን ጥንካሬ በዚሁ በጨው የሚለካበትን መንገድ አበጅቷል። ከዚያ የተሻለ ፈጣን ዳኛ እስካሁን አላገኘሁም።

ጉብታው 460 ላይ እንደቆመ ነበር። ልጅቷ ሁለት ብልቃጥ ነጭ ወረቀት ላይ አቆመች፤ አንዱ በሲትሬቱ የቀረ፣ አንዱ ቲዮል የለበሰ። ጨውን ጠብ አደረገችባቸው። የመጀመሪያው ወዲያው ጠወለገና ግራጫ ሆነ። ሁለተኛውን ብልቃጥ ሰዓት ይዘን ጎንበስ ብለን እናየው ጀመር፤ አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፤ ብርቱካናማው እንዳለ ነው።