«የሚስት ታሪክ»፦ መዝገብ የዘለላቸው አያት

የዘሩን ታሪክ በጽሑፍ ፈልጎ የሚነሣ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ወንዶችን ነው። የርስት ክርክሩም፣ የሹመት ደብዳቤውም የሚያወሳው አባትንና ቅድመ አያትን ነው፤ ሴቲቱ ብትጠቀስ እንኳ «የእገሌ ሚስት» ተብላ ነው። አይዳ እደማርያም እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «የሚስት ታሪክ» ይህንኑ መጠሪያ ርእሱ አድርጎ የተነሣ መጽሐፍ ነው። በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝ አገር የኦንዳቺን ሽልማት አግኝቷል።

ባለታሪኳ የደራሲዋ ሴት አያት፣ ወይዘሮ የተመኙ ናቸው። ጎንደር ተወልደው ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው፣ በሃያ ዓመት ያህል ለሚበልጧቸው ባለቅኔ ካህን ተዳሩ። የፋሺስት ወረራን፣ የከተማቸውን በቦምብ መደብደብ፣ የዘውዱን መውደቅና አብዮቱን አዩ፤ ልጆች ቀበሩ፤ ስለታሰሩት ባላቸውም ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ።

ደራሲዋ የዚህን ሕይወት አብዛኛውን ክፍል የሰበሰበችው ከአያቷ አንደበት ነው። መጽሐፉንም በወሮቻችን ስም ከፋፍላዋለች፤ ይህ ለጌጥ የተደረገ አይመስለኝም። እናቶቻችን ያለፈውን የሚያስታውሱት በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በጾሙ፣ በክረምቱና በወለዱበት ወቅት ነውና፣ ትዝታቸውን በቀን ቁጥር ከማሰለፍ ይልቅ በራሱ መስፈሪያ መስፈር ትክክለኛ ፍርድ ነው። የወጥ ቤቱ፣ የድግሱና የጸሎቱ ገጾች ሕያው የሆኑትም ስለዚሁ ነው።

ቅሬታ ግን አለኝ። ትረካው በሕፃኒቱ ሙሽራ ልብ ውስጥ ገብቶ ይናገራል፤ የአያት ቃል የት አብቅቶ የልጅ ልጅ ምናብ የት እንደጀመረ በትረካው ውስጥ ድንበሩ አይታይም። ልብ ወለድ ቢሆን ባልጠየቅሁ። በትርጉም ሥራ እንደሚተዳደር ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይቆረቁረኛል። በዚያ ዘመን ሚስት ባሏን «አንቱ» ትላለች፤ እሱ «አንቺ» ይላታል። የእንግሊዝኛው አንድ ቃል ይህን የዕድሜና የሥልጣን ርቀት ይደመስሰዋል፤ አንባቢው በአማርኛ ቢሰማው ኖሮ ግን የጋብቻውን ሚዛን ያለ ማብራሪያ በተረዳ ነበር። ስለዚህ ከመጽሐፉ ይልቅ የሚያስቀናኝ በአማርኛ የተነገረው ጭውውት ነው።

ነገሩ ለኛ ለናይሮቢ ነዋሪዎችም ሩቅ አይደለም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከጣሊያን የሸሹ ወገኖቻችን በኢሲዮሎ፣ በኋላም በታቬታ ሰፍረው ነበር። የቅኝ አስተዳደሩን ፋይሎች የያዘው የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከዚህ ከኢምባካሲ በማታቱ የሚደረስበት ሞይ ጎዳና ላይ ነው። ሄዶ ማገላበጥ ደግ ነው። ይሁንና እንዲህ ያለ ፋይል ስደተኛን የሚያየው በአስተዳዳሪ ዓይን ነው፤ ስንት አፍ እንደሚቀለብ ይጽፋል እንጂ፣ አንዲት እናት በዚያ ሙቀት እንጀራዋን በምን ዱቄት እንደጋገረች አይጽፍም። እሱን የሚያውቁት እናቷ ሲያወሩ የሰማች ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጆቿ ናቸው።